የሐዋሳ ጤና ጣቢያዎች የሕፃናት ክትባት፦ መጀመር ላይ ጎበዝ፣ ማስመለስ ላይ ደካማ

በሐዋሳ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሕፃናት ክትባት በነፃ ይሰጣል። ለመርፌውም፣ ለጠብታውም፣ ለካርዱም የሚከፈል ነገር የለም። ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው አገልግሎት በከተማዋ ማግኘት ይከብዳል። ነፃ መሆኑ ግን ከግምገማ ነፃ አያደርገውም። የአንድ ጤና ጣቢያ ስም አንስተን ልናመሰግን ወይም ልንወቅስ አልተነሣንም፤ ከታቦር ክፍለ ከተማ እስከ ቱላ ድረስ የሚሠራበት መመሪያ አንድ ስለሆነ ጥንካሬውም ድክመቱም ይመሳሰላል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። መርፌ መውጋቱን ባለሙያዎቹ በደንብ ያውቁበታል። የሚደክሙት ልጁን እንደገና ማምጣት ላይ ነው። ይህ የአገሪቱም ችግር ነው፦ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች ሦስት ጊዜ ከሚሰጠው ፔንታ፣ ማለትም ከአምስት በሽታ ከሚከላከለው መርፌ፣ የመጀመሪያውን የወሰዱት 73 በመቶ ነበሩ፤ ሦስተኛው ላይ የደረሱት 53 በመቶ ብቻ። ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት የጨረሱት 39 በመቶ ነበሩ። በር ድረስ መጥተው የተመለሱ ልጆች ናቸውና ይህ ቁጥር ያሳዝናል። ከታች የምንዘረዝረው ልጁ በየት በየት በኩል እንደሚያመልጥና ወላጅ እንዴት ሊደርስበት እንደሚችል ነው።

ቀጠሮውን በራሳችሁ አስሉት

ልጅ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን ቢሲጂና ሁለት ጠብታ የፖሊዮ ክትባት ይወስዳል። ይህ የፖሊዮ ጠብታ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ካልተሰጠ ይታለፋል፤ ቢሲጂ ግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይሰጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉም እናት የምታውቀው “የአርባ አምስት ቀን” ነው። መመሪያው የሚለው 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ቢሆንም በተለምዶ የሚቀጠረው ለ45ኛ፣ ለ75ኛና ለ105ኛ ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ መስከረም 5 የተወለደ ልጅ ጥቅምት 20 ይጀምራል፣ ኅዳር 20 ይደግማል፣ ታኅሣሥ 20 ይሠልሳል። ሰኔ 5 ዘጠኝ ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። ሁለተኛው በ15 ወሩ ነው፤ ጳጉሜን ካልቆጠርን በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ 5 ላይ ይውላል። አምስቱንም ቀን ልጁ በተወለደ ሰሞን ስልክ ላይ መዝግቡ። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የምትጽፍላችሁ የሚቀጥለውን አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቀጠሮው በዓል ላይ ይወድቃል። በሐዋሳ በተለይ ፍቼ ጫምባላላን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ቀኑ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ ከወር በፊት ካርድ የሚጽፍ ሰው ላያውቀው ይችላል። ቀጠሮ በዓል ላይ ካረፈ ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የክትባት ቀን ሂዱ እንጂ ሌላ ወር አትጠብቁ። ሌላው ሰበብ የአራስነት ወግ ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የምትነሣበት ቤት “እስክትነሣ ድረስ ከቤት አትውጣ” ከተባለ የ45 ቀኑም የ75 ቀኑም ክትባት አብረው ያልፋሉ። እነዚህ ክትባቶች የሚከላከሉት ትክትክ ደግሞ ሕፃናትን አብዝቶ የሚገድለው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

በ45ኛው ቀን ልጁ አራት ነገር ይወስዳል፦ የፖሊዮ ጠብታ፣ በአፍ የሚሰጥ የሮታ ክትባት፣ በአንዱ ጭን ፔንታቫለንት፣ በሌላው ጭን ፒሲቪ። ፔንታ በአንድ ግማሽ ሚሊ ሊትር መርፌ አምስት በሽታ ይከላከላል፤ እነርሱም ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁም ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ናቸው። ፒሲቪ ሌላውን ዋና የሳንባ ምች አምጪ፣ ኒሞኮከስን ይከላከላል። ሮታ ሕፃናትን ውኃ የሚያሳጣ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ ነው። በ75ኛው ቀን ያው ይደገማል። በ105ኛው ቀን ሮታ ይቀርና አይፒቪ፣ ማለትም በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ ይጨመራል። ስለዚህ የዚያን ቀን መርፌው ሦስት ነው።

ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። “ሦስት ይበዛበታል፣ አንዱን ለሌላ ቀን” ብሎ የሚለምን አለ፤ አዝና እሺ የምትል ባለሙያም አትጠፋም። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሦስቱ በአንድ ቀን ቢሰጡ አንዱ የሌላውን ኃይል አይቀንስም፤ በአንድ ጭን ሁለት መርፌ ሲያርፍ በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለሌላ ቀን የተላለፈ መርፌ ግን ብዙ ጊዜ እንደተላለፈ ይቀራል።

ጥሩ ሥራ የሚታወቀው በጥቃቅን ነገር ነው። ባለሙያዋ በአፍ የሚሰጠውን መጀመሪያ ትሰጣለች፣ ልጁ ገና ሳያለቅስ። መርፌው በመጨረሻ ነው፤ እናት እያጠባች ቢሆን ሕመሙ ይቀላል። ሲሪንጁ ከታሸገበት ፊታችሁ ይከፈታል፤ አንዴ ከተገፋ ራሱን የሚቆልፍ ስለሆነ ለሁለተኛ ልጅ ሊያገለግል አይችልም። ከተወጋ በኋላ ክዳኑ አይመለስበትም፣ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ወደሚባለው የመርፌ መጣያ ሳጥን ይገባል፤ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። ቢሲጂ በላይኛው ክንድ ቆዳ ውስጥ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በትክክል ከተሰጠ ቆዳው ላይ ወዲያው ትንሽ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። ካልታየ መርፌው ጠልቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠልቆ የተሰጠ ቢሲጂ እብጠትና መግል ያመጣል።

በአብዛኛው የእጅ ሥራው ጥሩ ነው። የሚጎድለው ንግግሩ ነው። ባለሙያዋ ከመርፌው በኋላ ዛሬ ምን እንደሰጠች፣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል፣ መቼ መመለስ እንደሚገባና ካርዱ መምጣት እንዳለበት መናገር አለባት። በተጨናነቀ ጠዋት የምትሰማው እናት “ለወሩ ነይ” የሚለውን ብቻ ነው። በሐዋሳ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ የሚናገሩ እናቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ምክሩ በአንድ ቋንቋ ብቻ ከተሰጠ ግማሾቹ ቀኑን እንጂ ምክንያቱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ።

ፍሪጁ

ወላጅ የማያየው፣ ግን አገልግሎቱ የሚለካበት ቦታ ፍሪጁ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ቅጽ ይመዘገባል። ያንን ቅጽ ተራ ስትጠብቁ ቀና ብላችሁ እዩት። የሁሉም ቀን ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ወይም ቅዳሜና እሑድ ባዶ ከሆነ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። እውነት ነው፣ የፖሊዮ ጠብታ ከሁሉም በላይ ሙቀት ይጎዳዋል። ይበልጥ ሳይታወቅ የሚያበላሸው ግን ቅዝቃዜ ነው። ፔንታ፣ ፒሲቪና አይፒቪ አንዴ በረዶ ከሆኑ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ ሲቀልጡ ደግሞ ለዓይን ደህና ይመስላሉ። ቴርሞስታቱ ያለ ልክ ሲጠመዘዝ ወይም ለመስክ ክትባት የሚያዘው የበረዶ ከረጢት ሳይለዝብ ከብልቃጡ ጋር ሲታሸግ ይህ ይደርሳል። ከረጢቱ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው የሙቀት መቅጃ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ ወይም ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ከቆየ ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

ብልቃጡ ላይ ያለውን ምልክት ወላጅም ሊያነበው ይችላል። ክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያዋ ክብ ከፈዘዘች ክትባቱ ይሰጣል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከጠቆረች ይጣላል። “ሲስተር፣ ምልክቱን አሳይኝ” ማለት ነውር የለውም። ምልክቱ የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ መሆኑንና በረዶ መሆንን እንደማያሳይ ግን አስታውሱ።

የኩፍኝ ቀን

አገልግሎቱ በጣም የሚያስወቅሰው እዚህ ላይ ነው። የኩፍኝ ብልቃጥ ለአምስት ወይም ለአሥር ልጅ የሚሆን ዱቄት ነው፤ ቢሲጂ ደግሞ ለሃያ። ዱቄቱ ከራሱ ማቅጠኛ ጋር ከተበጠበጠ በኋላ ቢበዛ ለስድስት ሰዓት ብቻ ያገለግላል፣ የቀረው ይደፋል። ይህ ደንብ የሚቀለድበት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ካፖኤታ አካባቢ በኩፍኝ ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞተዋል፤ ምርመራው ያገኘው ክትባቱ ለቀናት ያለ ፍሪጅ መቆየቱንና አንድ መበጥበጫ ሲሪንጅ ተደጋግሞ ማገልገሉን ነው። የተበጠበጠው ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገታ ነገር ስለሌለ ሰዓቱ ካለፈ መርዝ ሊያበቅል ይችላል። ፔንታና የፖሊዮ ጠብታ ግን ፈሳሽ ሆነው የሚመጡ በመሆናቸው በአግባቡ ከተያዙ ከተከፈቱ በኋላ እስከ 28 ቀን ያገለግላሉ። ለዚህ ነው የ45 ቀን ክትባት በማንኛውም ቀን የሚገኘው፣ ኩፍኝና ቢሲጂ ግን “የዛሬ ሳምንት ነይ” የሚባልባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፤ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት። የሚደፋው ዘጠኝ ዶዝ ከሚያመልጠው አንድ ልጅ ይረክሳል። በተግባር ግን ባለሙያዋ በወሩ መጨረሻ ስለባከነው ክትባት ትጠየቃለች፣ ተመልሶ ስላልመጣው ልጅ ግን የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ ልጆች እስኪሰበሰቡ ትጠብቃለች። ሳምንታዊ ቀን መመደቡን አንቃወምም፤ ቀኑ በር ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን ከቱላ በባጃጅ ተጭና የመጣች እናት ባዶዋን ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተመለሰች እናት ሦስተኛ እንደማትመጣ መገመት አይከብድም።

ስለዚህ በ105ኛው ቀን ከክፍሉ ሳትወጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “የኩፍኝ ቀን መቼ መቼ ነው? በስንት ሰዓትስ ይከፈታል?” መልሱን ካርዱ ጀርባ ላይ አጽፉት። በቀኑ ጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ሰዓቱን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ወይም እሑድ የተወለደ ልጅ ቢሲጂ ሳይወስድ ወደ ቤት ከሄደም የቢሲጂ ቀንን በዚያው ጠይቁ።

ሁለተኛው ኩፍኝ ወደ አገራችን መደበኛ ክትባት የገባው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ታላላቅ ልጆቻቸውን በዘጠኝ ወር ያስጨረሱ እናቶች ዛሬም “ዘጠኝ ወር ላይ አለቀ” ይላሉ። አላለቀም። በዘጠኝ ወር ከሚከተቡ ልጆች 85 በመቶ ያህሉ ይጠበቃሉ፤ ከእናት የመጣው መከላከያ የአንዳንዱን ክትባት ስለሚያከሽፈው የቀሩት ሳይጠበቁ ይቀራሉ። ሁለተኛው የሚሰጠው ለእነርሱ ነው። ኩፍኝ የታመመ ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ አምስት ስድስት ተከራይ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ሰፈር ያልተከተበ ልጅ ማምለጫ የለውም።

የወሊድ ፈቃድና 105ኛው ቀን

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት፤ እዚያም ሆነ በሆቴሎቹ የሚሠሩት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቦታ 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ነው፤ 15 ሳምንት ደግሞ 105 ቀን። ፈቃዷ የሚያልቀው ሦስቱ መርፌ በሚሰጥበት ቀን ላይ ነው ማለት ነው። ልጁ ጉንፋን ይዞት አንድ ሳምንት ከዘገየች ፈረቃዋ ይጀምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክትባቱን በ45ኛው ሳይሆን በ42ኛው ቀን ማስጀመር ይፈቀዳል፤ ስድስት ሳምንት ሞልቷልና። በመካከል የሚያስፈልገው ትንሹ ርቀት 28 ቀን ስለሆነ ሁለተኛው በ70ኛው፣ ሦስተኛው በ98ኛው ቀን ይሆናል። ፈቃዱ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ይተርፋል። ከ42 ቀን በፊት ወይም ከ28 ቀን ባነሰ ርቀት የተሰጠ ግን አይቆጠርም። ለዘጠኝና ለ15 ወሩ ልጁን የግድ እናት ማምጣት የለባትም፤ አባትም አያትም ሞግዚትም ካርዱን እስከያዙ ድረስ ይስተናገዳሉ። ጤና ጣቢያዎቹ በወር አንድ ቅዳሜ እንኳ ኩፍኝ ቢሰጡ ብዙ ሠራተኛ እናት ይደርሱ ነበር፤ ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው የተራ ድልድል ነው።

ያለ ምክንያት መመለስ

ጉንፋን፣ ቀላል ተቅማጥ፣ ከ38.5 ዲግሪ በታች ትኩሳት፣ ያለጊዜ መወለድ፣ የክብደት ማነስ፣ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ አንዳቸውም ክትባት አይከለክሉም። እንዲያውም የተጎዳ ልጅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሚከለክለው ከዚያው ክትባት ቀዳሚ ዶዝ በኋላ የደረሰ ከባድ አለርጂ ነው፤ የኤች አይ ቪ ሕመም ምልክት ለሚታይበት ልጅ ቢሲጂ አይሰጥም። ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ያለበት ልጅ መጀመሪያ ይታከማል። “ትንሽ ያስለዋል፣ ሲሻለው አምጪው” ከተባላችሁ ትኩሳቱ እንዲለካ ጠይቁ።

የዘገየ ልጅም አይባረርም፣ ከመጀመሪያው እንደገናም አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ዘገየሽ ብላ የምትቆጣ ባለሙያ ካለች፣ ቁጣዋ የሚቀጥለውን ቀጠሮ እንደሚያስቀር ልታውቀው ይገባል።

ከተከተበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢው ውስጥ ቆዩ፤ ከባድ አለርጂ እጅግ ጥቂት ልጅ ላይ ቢደርስም የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ማታ ትኩሳትና የጭን እብጠት ይጠበቃል፣ በሁለት ቀን ይለቃል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ሲያተኩስ እንጂ አስቀድሞ አይደለም፤ መጠኑን በልጁ ክብደት ልክ ባለሙያዋ ትንገራችሁ። የቢሲጂው ቦታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ቀስ ብሎ ጠባሳ ትቶ ይድናል፤ ቅቤም ቅባትም አትቀቡት፣ አታፍርጡት። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ቀለል ያለ ትኩሳትና ሽፍታ ሊመጣ ይችላል። ሦስት ቀን ያለፈው ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ ወይም መጥባት መተው ካለ ግን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው።

የግል ክሊኒክ

ወረፋ ለማይችል ሰው አማራጭ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ ግን የተሻለ አይደለም፣ መርሐ ግብሩም ያው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ኩፍኝና ቢሲጂ መስጠታቸውን አረጋግጡ፤ ካልሰጡ ልጁ በሁለት ቦታ መዝገብ ይከፋፈላል።

ካርዱ

ካርዱ ስስ ወረቀት ነው፤ ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፣ ከእያንዳንዱ ክትባት በኋላም በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶው የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኖቹን በግልጽ ያሳይ። ከሐዋሳ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ገጠር ለምትሄዱ፣ የትም ጤና ኬላ በዚያ ካርድ ይቀጥላል። ከጠፋ የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ከመዝገቡ ሊገለብጥላችሁ ይችላል፤ ለዚህ የልጁ የተወለደበትና የመጀመሪያው ክትባት የተሰጠበት ቀን ያስፈልጋል። የክንድ ጠባሳ ቢሲጂ መሰጠቱን ያሳያል እንጂ ስለ ፔንታና ስለ ኩፍኝ ምንም አይናገርም። መዝገቡም ካልተገኘ ያልተረጋገጠው ክትባት እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ለዕድሜው የሚሆነው ይሰጠዋል፤ ምናልባት ቀድሞ ወስዶት ቢሆን እንኳ የተደገመው ዶዝ አይጎዳውም።